መጋረጃውን ማን ይዝጋው?

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል በማስተማሪያ ሆስፒታል የሴቶች መኝታ ክፍል ራውንድ ይጀመራል። ሲኒየሩ ሐኪም ከፊት ይገባል፤ ሬዚደንቶቹ ከጎኑ፣ ኢንተርኖቹ ካርድ ታቅፈው ከኋላው፣ ተማሪዎቹ ደግሞ ደብተራቸውን ይዘው በሩ ላይ ተፋፍገው ይቆማሉ። ክፍሉ ስድስት ወይም ስምንት አልጋ ይዟል። በአልጋዎቹ መካከል መጋረጃ የሚሰቀልበት ብረት አለ፤ ጨርቁ ለእጥበት እንደወጣ አልተመለሰም። ሃምሳን የተሻገሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል። ከእሳቸው ዘንድ ሲደረስ ኢንተርኑ በእንግሊዝኛ ማንበብ ይጀምራል፤ ዕድሜያቸውን፣ የወለዱትን ልጅ ብዛት፣ የመጡበትን ምክንያት። እናትየው ከንባቡ ውስጥ ለይተው የሚሰሙት የወረዳቸውን ስም ብቻ ነው። ከዚያ አንድ እጅ ብርድ ልብሱን ይገልጣል። የማን እጅ እንደሆነ አያውቁም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

«እማማ፣ ሌላ የሚያምዎት ነገር አለ?» ይላል ሲኒየሩ፣ ወደሚቀጥለው አልጋ ለማለፍ እየተዘጋጀ።

«የለም ልጄ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

አለ። ማሕፀናቸው ከወረደ ዓመታት አልፈዋል። ሲያስሉ ሽንት ያመልጣቸዋል። ትናንት ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ አጠገባቸው ለተኛችው ሴት በሹክሹክታ ነግረዋታል። አሥራ አምስት ሰው ቆሞ እያያቸው፣ ግማሹ ከልጅ ልጃቸው የማይበልጥ ሆኖ፣ እንዴት ብለው ያውጡት? ካርዳቸው ላይ «ሌላ ቅሬታ የለም» ተብሎ ይጻፋል፤ ራውንዱም ያልፋል።

ይህን ትዕይንት ከአንድ ሆስፒታልና ከአንዲት እናት አልወሰድኩትም። በመንግሥት ሆስፒታል አስታማሚ ሆኖ የከረመ ሁሉ በአንድ ወይም በሌላ መልኩ አይቶታል። ሐኪሞቹ ክፉ ሰዎች ስለሆኑም አይደለም። ሌሊቱን ሳይተኙ ያደሩ፣ በአንድ ጠዋት ሠላሳና አርባ ታማሚ የሚያዩ ሰዎች ናቸው። በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ስህተት እንደ ደንብ ተቆጥሮ ይኖራል፤ የታማሚ ሀፍረት የታማሚው የራሱ ችግር ነው የሚል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ተረቱ ጥፋቱን ሁሉ በታማሚው ላይ ያሳርፋል፤ ደባቂውም እሱ፣ ተጎጂውም እሱ። ሰው እንዲደብቅ የሚያስገድድ ክፍል ሠርቶ፣ መልሶ «ለምን ደበቅህ?» ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሀፍረት ትምህርት ሲስፋፋ የሚጠፋ ኋላ ቀርነት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰችውም፣ ከገጠር የመጣችውም፣ ራሷ ሐኪም የሆነችውም ሴት ልብሷን አውልቃ የማታውቀው ሰው ፊት ስትተኛ ያንኑ ይሰማታል። ይህን ስሜት መጠበቅ የመርማሪው ሥራ ነው፤ እጁን ከመታጠብና ጓንት ከማጥለቅ ጋር በአንድ ረድፍ መቀመጥ ያለበት ሥራ።

ሕክምና ራሱ ከዚህ ስሜት ምን እንዳተረፈ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1816 ፓሪስ ውስጥ በኔከር ሆስፒታል ይሠራ ወደነበረው ወደ ሬኔ ላይኔክ የልብ ሕመም ምልክት ያላት ወጣት ሴት መጣች። በዘመኑ ሐኪም ልብና ሳንባን የሚያዳምጠው ጆሮውን በቀጥታ ደረት ላይ ለጥፎ ነበር። የልጅቷ ዕድሜና ሴትነቷ ላይኔክን ከለከሉት። ሞላ ያለ ሰውነት ስለነበራት ደረቷን በጣት እየመታ ማዳመጡም ብዙ አልጠቀመውም። ስለዚህ ወረቀት ጥቅጥቅ አድርጎ ጠቀለለና አንዱን ጫፍ ደረቷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አደረገው። የልቧ ምት ጆሮውን ለጥፎ ከሚሰማው ይልቅ ጠርቶ መጣለት። ወረቀቱ በኋላ የእንጨት ቱቦ ሆነ፤ በ1819 ስለ አዲሱ የማዳመጥ ዘዴ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። ዛሬ በየሐኪሙ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ማዳመጫ የመጣው አንድ ሐኪም ታማሚውን ላለማሳፈር ሲል ትንሽ ስለራቀ ነው። ርቆም የተሻለ ሰማ።

እኛ ዘንድ ነገሩ ከሁሉ በላይ የሚታየው በምጥ ክፍል ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። በ2011 ቁጥሩ 10 ደረሰ፣ በ2016 ደግሞ 26፤ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት 48 ሆነ። እጅግ ትልቅ ለውጥ ነው፤ በአምቡላንስ፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በየቀበሌው በተደረገ ቅስቀሳ የመጣ። ሆኖም በዚያው በ2019 ከሁለት እናቶች አንዷ ገና ቤቷ ነበር የምትወልደው። በ2011ዱ ጥናት ለምን ወደ ጤና ተቋም እንዳልሄዱ የተጠየቁ ሴቶች ደጋግመው የመለሱት «አያስፈልግም» እና «ልማዳችን አይደለም» የሚል ነበር። ስለ መንገድና ስለ ገንዘብ ብዙ ተጽፏል፤ «ልማዳችን አይደለም» የሚለው መልስ ግን ቆም ተብሎ ሊታሰብበት ይገባል።

ልማዱ ምን ነበር? በብዙ የገጠር ቤት ምጥ የያዛት ሴት ቀሚሷን ሳታወልቅ ትንበረከካለች፤ ምሰሶ ወይም የሴት ትከሻ ትይዛለች። ዙሪያዋን እናቷ፣ አማቷና ጎረቤቶቿ ይሆናሉ፤ በክርስቲያን ቤት «ማርያም ማርያም» ይላሉ፣ በሙስሊም ቤት ዱዓ ያደርጋሉ። የልምድ አዋላጇ እጇን ከቀሚሱ ሥር ታስገባለች እንጂ ቀሚሱን አትገልጥም። ወንድ አይገባም። ይህ ቤት ደም ሲፈስ የሚያቆም መድኃኒት የለውም፤ በ2016ቱ ጥናት ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ተገምቷል። ስለዚህ ማንም ሴት ቤቷ ትውለድ አልልም። ግን ወደ ጤና ጣቢያው ስትመጣ ምን እንደሚጠብቃት እናስተውል። የራሷን ልብስ አስወልቀው አጭር ጋውን ይሰጧታል፤ ወይም ምንም አይሰጧትም። እናቷን በር ላይ ያስቀሯታል። በጀርባዋ አስተኝተው እግሮቿን በብረት ማስቀመጫ ላይ ይሰቅሉላታል፤ አንዳንዴም የእግሯ አቅጣጫ ወደ በሩ ነው። በሩ በየደቂቃው ይከፈታል፤ ጓንት ፍለጋ፣ ካርድ ፍለጋ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት። አንዱ መጥቶ ይመረምራል፤ ጥቂት ቆይቶ ሌላው፤ ከዚያ ተማሪው። ስማቸውን አይነግሯትም። ብትጮህ የምትሰማውን ቃል እዚህ አልጽፈውም፤ የወለደች ሁሉ ታውቀዋለች።

ያቺ ሴት ለሚቀጥለው ልጅ ባትመለስ የሚያስደንቅ አይደለም። እሷ ብቻ አይደለችም የምትቀረው፤ የነገረቻቸው እህቶቿም ይቀራሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 በወሊድ ጊዜ የሚፈጸም ክብረ ነክ አያያዝና በደል እንዲቆም መግለጫ አወጣ። በ2018 ባሳተመው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ ደግሞ ጤናማ ምጥ ላይ ያለች ሴት የማሕፀን በሯ ምን ያህል እንደተከፈተ ለማየት የሚደረገው የእጅ ምርመራ በየአራት ሰዓቱ ቢሆን በቂ እንደሆነ፣ በተለያዩ ባለሙያዎች በተደጋጋሚ መመርመሯም ሊቀር እንደሚገባ አስቀመጠ። አላስፈላጊ ምርመራ ከማሳፈሩና ከማሳመሙ ሌላ ኢንፌክሽን የማስገባት ዕድልን ይጨምራል። ያው መመሪያ እናቲቱ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆንና የምትወልድበትን አኳኋን ራሷ እንድትመርጥ ይመክራል። ተንበርክኮ መውለድም ይቻላል ማለት ነው፤ አያቶቻችን ያደርጉት የነበረው።

እኛም ዘንድ ሙከራ አልጠፋም። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በተዘረጋው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ ውስጥ ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራት ነበር፤ ቃላቱ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ከፖስተሩ ይልቅ ገንፎው ነው። በብዙ የገጠር ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠርቶ፣ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው እንዲቆዩ፣ ቡና እንዲፈላላቸው፣ ከወለዱም በኋላ ገንፎ እንዲገነፋላቸው ተደረገ። ቤተሰብ እህልና ቅቤ እያዋጣ ያመጣል። ይህን ያሰበ ሰው የሴቲቱን ልማድ እንደ መሰናክል አላየውም፤ ወደ ጤና ጣቢያው እንድትገባበት በር አድርጎ ተጠቀመበት። ያው ሐሳብ ግን ማዋለጃ ክፍሉ ደፍ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይቆማል። ገንፎውን የሰጠናትን ሴት መጋረጃ ነሳናት።

ተገቢ ምርመራ ምን ይመስላል? ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ አብዛኛው እንደውም ንግግር ነው። አዋላጇ ትገባለች፤ በሩን ትዘጋለች። «ደህና አደርሽ እናቴ፤ እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ስሜ እንዲህ ነው» ትላለች። ምን ልታደርግ እንደሆነና ለምን እንደሆነ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም ሴቲቱ በምትሰማው ቋንቋ ትነግራታለች። «ልመርምርሽ?» ብላ ትጠይቃለች፤ መልሱን ትጠብቃለች። ሴቲቱ ልብሷን ስታወልቅ ፊቷን ታዞራለች፤ የልብስ ማውለቂያ ጊዜም ከምርመራው ይበልጥ የሚያሳፍር መሆኑን ታውቃለች። የምትመረምረውን ቦታ ብቻ ትገልጣለች፤ ጉልበቷንና ሆዷን በአንሶላ ወይም በራሷ ነጠላ ትሸፍናለች። «አሁን እጄ ሊነካሽ ነው» ትላለች ከመንካቷ በፊት። ሴቲቱ «ቆይ» ካለች ትቆማለች፤ ምጥ መጥቶባት ይሆናል፤ ወይም ምክንያት ላይኖራት ይችላል። ሲያበቃ ወዲያው ትሸፍናታለች፤ ያገኘችውንም የምትነግራት ለብሳ ቀና ካለች በኋላ ነው። በጀርባ ተኝቶ፣ ተገልጦ የሚሰማ ቃል በጆሮ አይቀርምና።

ተማሪዎችስ? መማር አለባቸው፤ ሀገሪቱ ሐኪምም አዋላጅም ትፈልጋለች። ነገር ግን ታማሚዋ የመማሪያ ዕቃ የሆነችበት ልማድ ከእኛ ውጭም ረጅም ዕድሜ አለው። በአሜሪካ በማደንዘዣ በተኙ ሴቶች ላይ ተማሪዎች ያለ ፈቃድ የማሕፀን ምርመራ ሲለማመዱ ኖረው፣ የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ሆስፒታሎች ለዚህ የጽሑፍ ፈቃድ እንዲያስፈርሙ ግልጽ መመሪያ ያወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። እኛ ዘንድ ተማሪ በተግባር ፈተና ሲቀርብ ራሱን ማስተዋወቁ፣ ፈቃድ መጠየቁና ታማሚውን መሸፈኑ ነጥብ ይያዝበታል። ፈተናው ካለፈ በኋላ ዋርድ ውስጥ የሚቀዳው ግን ሲኒየሩን ነው። ሲኒየሩ «እማማ፣ እነዚህ ሁለት ልጆች ተማሪዎቼ ናቸው፤ አብረውኝ ቢያዩ ይፈቅዳሉ? ካልወደዱ ይወጣሉ፤ ሕክምናዎ አይጎድልም» ብሎ ሲጠይቅ ያየ ተማሪ ዕድሜውን ሙሉ ይጠይቃል። እናቶቻችን ደግሞ «ይማሩ ልጆቼ» ለማለት ለጋሶች ናቸው፤ የተጎዱት ስላልተጠየቁ ነው።

አስገድዶ የማየት ታሪክ የት ድረስ እንደሚሄድ የፊስቱላ ሕክምና አነሳስ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በአላባማ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ከተማ፣ ጄምስ ማሪዮን ሲምስ የፊስቱላን ቀዶ ሕክምና የሞከረው በባርነት ስር በነበሩ ጥቁር ሴቶች ላይ፣ ያለ ማደንዘዣ ነው። አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ የሚባሉት ስማቸው ተመዝግቧል፤ አናርካ ላይ ብቻ 30 ያህል ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጓል። እምቢ ሊሉ አይችሉም ነበር። በስሙ የሚጠራው መመርመሪያ መሣሪያ እስከ ዛሬ በየሆስፒታሉ አለ፤ ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ አጠገብ ቆሞ የነበረው ሐውልቱ በ2018 ተነስቷል።

ያው በሽታ አዲስ አበባ ላይ በሌላ መንፈስ ታክሟል። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። ፊስቱላ ቀናት የፈጀ፣ የተገታ ምጥ የሚያስከትለው ቀዳዳ ነው፤ ሴቲቱ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል፣ በሽታው ከሰው ይለያታል። እዚያ የደረሰች ሴት ተሸሽጋ የኖረች ሴት ናት። ሆስፒታሉ ከአልጋዋ ጎን ያቆመላት ረዳት ብዙ ጊዜ ያንኑ በሽታ ታማ የዳነች ሴት ነበረች። ከእነሱ መካከል ማሚቱ ጋሼ በታካሚነት ገብታ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ረዳትነት ጀምራ፣ መደበኛ የሕክምና ትምህርት ሳትማር በዓለም የታወቀች የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነች። የምትገልጥሽ እጅ ያንቺን ሀፍረት ራሷ ያየች ሴት እጅ ስትሆን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሃምሊን የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅም ከገጠር የመጡ ሴቶችን አሠልጥኖ ወደየመጡበት አካባቢ የሚመልስ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከ30,000 በላይ ሴቶችን ከየቀበሌያቸው መልምሎ ሲያሰማራም፣ የሴት ገበና ለሴት ይቀላል የሚለውን ያውቅ ነበር።

ይህ ሲባል ወንድ አዋላጅ አይሁን ማለት አይደለም። በብዙ ገጠር ጤና ጣቢያ ሌሊት ተረኛው እሱ ብቻ ነው፤ የብዙ እናቶች ሕይወትም በእጁ ተርፏል። በእስልምና ሊቃውንትም ዘንድ ሴት ባለሙያ ካልተገኘች ለሕይወት አስገዳጅ በሆነ ጊዜ ወንድ እንዲመረምር ይፈቀዳል፤ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ተገልጦ። ወንዱን ባለሙያ የሚጠብቀውም ሴቲቱን የሚጠብቀውም አንድ ነገር ነው፤ ከጎን የሚቆም ሦስተኛ ሰው። የብሪታንያ ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት መመሪያ፣ ሐኪሙ ወንድም ይሁን ሴት፣ የብልት፣ የጡትና የፊንጢጣ ምርመራ ከማድረጉ በፊት ለታማሚው ይህን ሰው እንዲያቀርብለት ይጠይቃል። ይህ ሦስተኛ ሰው በተለምዶ የጤና ባለሙያ መሆን አለበት ይላል፤ ዘመድ ቢኖርም መልካም ነው፣ የእሱን ቦታ ግን አይተካም።

ዘመድ ለምን አይበቃም? ላሪ ናሳር የአሜሪካ የጂምናስቲክ ቡድን ሐኪም ነበር። በሕክምና ስም ሴት ልጆችን ለዓመታት ሲደፍር፣ አንዳንዶቹ እናቶቻቸው እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር። እሱ በሰውነቱ እየከለለ ይቆም ነበር፤ እናቶቹም ትክክለኛው ምርመራ ምን እንደሚመስል አያውቁም ነበርና አመኑት። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሚቺጋን ውስጥ ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት ሲፈረድበት ከ150 በላይ ሴቶች ፍርድ ቤት ቀርበው ተናገሩ። ከጎን የሚቆመው ሰው ጓንት ለምን እንደሚደረግ፣ እጅ የት መሄድ እንዳለበትና የት እንደሌለበት የሚያውቅ መሆን አለበት። «ዶክተር፣ ይህ ምን ያስፈልጋል?» ለማለትም መድፈር አለበት። እኛ ዘንድ ነርስ ሐኪምን እንዲህ ብላ የምትጠይቅበት ባህል ገና አልተተከለም፤ ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

ሕጉ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ያስቀምጣል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 የጤና ባለሙያ ያለ ታካሚው ፈቃድ እንዳያክምና ምስጢር እንዲጠብቅ አዝዟል። የሙያ ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጉም ያስጠይቃል። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ግን አዲስ ነገር መጥቷል፤ በባለሙያው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ። ያልተለመደ ቁስል፣ ያልተለመደ ወሊድ ሲገጥም «ለትምህርት» ተብሎ ፎቶ ይነሳል፤ ከዚያ ወደ ጓደኞች የቴሌግራም ቡድን ይሄዳል፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። ፊቷ ካልታየ ምን አለበት የሚሉ አሉ። አለበት። ገላው የሷ ነው፤ ፈቃዱም የሷ ነው። ከካርዷ ላይ የስልክ ቁጥሯን ወስዶ ማታ «እንዴት ነሽ» ብሎ መደወልም ያው ነው። በምርመራ አልጋ ላይ የተገኘ ቅርበት ከክፍሉ ውጭ ይዘውት የሚወጡት አይደለም።

ወንዶች በዚህ ወሬ ውስጥ ይረሳሉ። ጠንካራ ናቸው፣ ምን ያሳፍራቸዋል ይባላል። ሽንታቸው የሚቆራረጥባቸው፣ ሌሊት አምስት ጊዜ የሚነሱ አባቶች ፕሮስቴትን በጣት የመመርመሩን ነገር ከሰሙ በኋላ ዳግም ሳይመጡ ይቀራሉ። ሽንት ሙሉ በሙሉ ሲዘጋባቸው በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ይመጣሉ፤ ያኔ ደግሞ ሽንት ማስወጫ ቱቦ ልጃቸው እያየ ይገባላቸዋል። ልጁን «እስቲ ውጭ ጠብቅ» የሚል ሰው ቢኖር ኖሮ እኚያ አባት ወደ ቤታቸው ከነክብራቸው ይመለሱ ነበር።

ወደ ውጭ የወጡት ወገኖቻችን ሌላ ፈተና ይገጥማቸዋል፤ አስተርጓሚ። ዋሽንግተን አካባቢ እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት ከሐኪም ፊት ሲቀርቡ በስልክ የሚመጣው አማርኛ ተናጋሪ ከራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል። ድምፁን ይለዩታል፤ አፋቸው ይታሠራል። ልጃቸው ቢያስተረጉም ይብሳል፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእናቱን የወር አበባ እንዴት ይተርጉም? የአሜሪካ ሕግ ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር ልጆችን ለዚህ ማሰለፍን ይከለክላል፤ ሆስፒታሉ ብቁ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፣ ለታማሚውም በነጻ። ስልኩ ላይ የመጣውን ሰው «ይቅር፣ ሌላ ይሁንልኝ፤ ሴት ትሁን» ማለት ይቻላል። ዓረብ ሀገር ያለች ልጅም አሠሪዋ አብራ ገብታ ስትናገርላት ሕመሟን ሳይሆን የአሠሪዋን ቃል ይዛ ትወጣለች። ከዚህ ሌላ ደግሞ ግርዛት አለ። በ2016ቱ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያት 65 ከመቶ የተገረዙ ነበሩ። ይህን አይቶ የማያውቅ ሐኪም ተደንቆ ባልደረቦቹን «ኑ እዩ» ብሎ ሲጠራ፣ ሴቲቱ ዓይኗን ጨፍና የምታልፈው ጊዜ ዕድሜዋን ሙሉ ከማሕፀን ሐኪም ያርቃታል።

ከምርመራ የሚቀሩ ሴቶች ምን እንደሚከፍሉ በማሕፀን በር ካንሰር ይታያል። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። ሳይብስ ከተደረሰበት የሚድን ነው፤ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ቅድመ ምርመራ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ይሰጣል። ለዚህ ግን አልጋ ላይ ወጥቶ፣ እግር ተከፍቶ፣ ስፔኩለም የሚባለው መመርመሪያ መሣሪያ ገብቶ መታየት ያስፈልጋል። ምንም ሳያማት ለዚህ የምትመጣ ሴት ጥቂት ናት። አሁን ሌላ መንገድ ተገኝቷል፤ ካንሰሩን የሚያመጣውን ኤችፒቪ ቫይረስ የሚለየው ምርመራ ናሙናውን ሴቲቱ ራሷ፣ በዘጋችው ክፍል ውስጥ፣ በቀጭን ብሩሽ መውሰድ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መንገድ ይደግፋል። ሐኪሞች ለዘመናት «ሀፍረትሽን ተይው» ሲሉ ከርመው፣ በመጨረሻ ሀፍረቷን አክብሮ የሚሠራ መሣሪያ በእጇ ተሰጣት።

ቫይረሱ የተገኘባት ሴት ግን መታየቷ አይቀርም። ያኔ የማሕፀን በሯ ታይቶ፣ የተለወጠ ነገር ካለ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀጠሮ፣ በዚያው አልጋ ላይ በሙቀት ወይም በማቀዝቀዝ ሊታከም ይችላል፤ ያኔ ለሕክምናው ሁለተኛ መገለጥ አያስፈልጋትም። ሴት ባለሙያ ትመርምረኝ የምትል ከሆነ፣ እህቷ ወይም ጓደኛዋ አብራት እንድትገባ ከፈለገች፣ የምትናገርበት ሰዓት ቀጠሮ የምትይዝበት ሰዓት ነው፤ ካርድ ክፍል ላለችው ሠራተኛ ብትነግራትም ይበቃል። ሠራተኛዋ ደግሞ ለምን ብላ ልትጠይቃት አይገባም።